በፕላስተር የተሸፈነችው ቀይ መብራት

ጡረታ የወጡት ሰዓት ሠሪ የመብራት ሒሳብ ወረቀታቸውን ጨብጠው ወደ ጓሮ ሲጣደፉ፣ በሩ ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ሊላተሙ ምንም አልቀራቸውም።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ? ምነው እንዲህ ተቆጡ?»

«ሌባ ጓሮዬ አስቀምጬ እንዴት ደህና ልደር? ያቺ ልብስ ሰፊ ማሽኗን ስታስጮህ እየዋለች መብራቴን ጨረሰችው። ዛሬውኑ ዕቃዋን ታወጣለች!»

ልብስ ሰፊዋ ጨቅላዋን እንዳዘለች፣ ከተከራየቻት ክፍል ደጃፍ ሆና ሰማች። ጨርቆቿን በአንሶላ ትቋጥር ጀመር።

የእህታቸው ልጅ፣ ሰው በቤቱ ኃይል እንዴት እንደሚቆጥብ ለሕዝብ የሚያስረዳ ድረ ገጽ ከሚያዘጋጁት አንዷ ናት። አጎቷ ይህን ከሰሙ ወዲህ መቀለጃ አድርገዋታል።

«ጥቂት ይታገሱኝ፤ ልናወጣው ካሰብነው ምክር አንዱን እዚሁ እንሞክረው።»

«መብራት አጥፉ ለማለት ድረ ገጽ! እኔን እናቴ በኩርኩም ነው ያስተማረችኝ።»

«ኩርኩም ለሁሉም ቤት አይዳረስማ፣ ጋሼ።»

ሳቅ አመለጣቸው፤ ቶሎ ዋጡት። ዕድሜ ልካቸውን ጤፍ የምታህል ብሎን ሲፈቱ የኖሩ ናቸውና፣ በገዛ ቤታቸው የሚሰወርባቸው ነገር ያለ አይመስላቸውም። የብዙዎቻችን በሽታ ነው።

የልብስ ሰፊዋን ክፍል መስመር አጠፉ። ቆጣሪው ይሽከረከራል። የዋናውን ቤት አምፖል አጠፉ፤ ማቀዝቀዣውንም ቴሌቪዥኑንም ነቀሉ። አሁንም ይሽከረከራል።

«ሰይጣን ገብቶበታል!»

«ሰይጣን መብራት ምን ያደርግለታል? ያልገባንበት ክፍል አለ?»

«የልጄ ክፍል። ከሄደ ጀምሮ ዝግ ነው፤ ሰው የሌለበት ቤት ምን ይበላል?»

ከፈቱት። አልጋው አቧራ ለብሷል። በስተራስጌው ግድግዳ ላይ የውሃ ማሞቂያ ተሰቅሏል። ልጅቱ ከጎኑ ያለውን የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ብትከፍተው የሚያቃጥል ውሃ ተንደቀደቀ።

ሰዓት ሠሪው ጠጋ ብለው አዩ። በማሞቂያው ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ፕላስተር ተለጥፋለች። በጥፍራቸው ላጧት፤ ከሥሯ ቀይ መብራት ፈጠጠችባቸው።

«በገዛ እጄ!» አሉ፣ አልጋው ላይ ዘፍ ብለው። «ልጄ መብራቷ እንቅልፍ ነሳችኝ ቢለኝ እኔው ሸፈንኳት። እሱ ከሄደ ሁለት ክረምት አለፈ። ለባዶ ቤት ውሃ ሳሞቅ ከርሜ፣ እናት ከነጨቅላዋ ላባርር!»

«ያልታየ ነገር አይጠረጠርም፣ ጋሼ። ድረ ገጹም ለዚሁ ነው፤ ሰው በተዘጋ ክፍል የረሳውን እንዲያስታውስ።»

«እንግዲያው ከሁሉ በፊት ይህን ጻፊ፦ ጎረቤትህን ከመጠርጠርህ በፊት ሁሉን አጥፍተህ ቆጣሪህን እይ። ሰዓት ሠሪው ነው ያለው በይ፤ ይሳቁብኝ!»

ማሞቂያውን አጥፍተው የልብስ ሰፊዋን መስመር መለሱና ወደ ጓሮ ወጡ፤ ጎንበስ ብለው ቋጠሮዋን ራሳቸው ፈቱ።

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በዪኝ።»

«የከበደኝ የሌባ ስሙ ነው፣ አባባ፤ ዕቃውስ ቀላል ነበር።»

ጨርቆቿን አንሥተው ወደ ክፍሏ አስገቡላት።

ወዲያው ማሽኑ እንደ ወትሮው ይንጫጫ ጀመር። ሰዓት ሠሪው መነጽራቸውን አድርገው ቆጣሪው ሥር ቆሙ። ማሽኑ እየሠራ፣ አምፖሉም በርቶ፣ ቆጣሪው ቀስ እያለ ይዞር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲባክን የነበረው ኃይል ለሚጠቅም ሥራ ተረፈ፤ ወጪው ቀለለ፤ ጨቅላዋም ከሞቀ ቤቷ ሳትወጣ ቀረች።