ዘጠኙ ኪኒን በጋሼ ተክሌ መዳፍ

በእኛ ጊዜማ ጉንፋን የያዘው ሰው ፌጦ በሎሚ ይሰጠውና የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ ያልበው ነበር፤ ዛሬ ኪኒን አለ፣ ተመስገን ነው! እኔም ለትኩሳት፣ ለራስ ምታት የሚሆነውን ሞላሌ ከተማ ካለው መድኃኒት መደብር ገዝቼ ቤቴ አኖራለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያመው እኔው ዘንድ ነው፤ ባለመድኃኒቷ ያለችኝን ደግሞ አንዲት ቃል አልስትም።

ታዲያ በዚህ በሁዳዴ፣ እንደ አባት ያሳደጉኝን ታላቅ ወንድሜን፣ ጋሼ ተክሌን፣ ትኩሳት ያዛቸውና ሰኞ ዕለት ፓራሲታሞል ዘጠኝ ፍሬ ቆጥሬ ሰጠኋቸው፤ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ፣ ለሦስት ቀን» ብዬ። እና ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ብሄድ፣ ምን ባይ ጥሩ ነው? ዘጠኙንም መዳፋቸው ላይ ዘርግፈው፣ ውሃ አስቀምጠው ያማትባሉ!

«ጋሼ! ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልውጠው ነዋ።»

«ሁሉንም?!»

«ጠዋት ጠዋት ጾም ነው፣ ማታ ማታ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ የሰኞም የማክሰኞም አለብኝ። ስግደት እንኳ ያመለጠው በማግስቱ ተደርቦ ይሰገድ የለም እንዴ?»

«ኧረ ይሄ ስግደት አይደለም! ጉበት ይጨርሳል!»

«አንቺ ደግሞ መቼ ዶክተር ሆንሽ?» ብለው እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲያነሱ፣ እኔ ሆዬ ከሥር ጧ! ኪኒኑ እንደ በረዶ መደቡ ላይ ተበተነላችሁ።

«ታላቅሽን መታሽ?» አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ፤ ወድቄም ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ ለባለመድኃኒቷ ደወልኩና ነገሩን ነገርኳት።

«አባቴ፣ ያመለጠው አመለጠ» አለቻቸው። «ደርበው እንዳይውጡ፣ ጉበትዎን ይጎዳል። ደግሞ ትኩሳቱ ሦስት ቀን ከያዘዎት ይሄ የቤት ነገር አይደለም፤ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።»

ጋሼ ስልኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «አየሽ? ለሰው እንዲህ በአንደበት ይነገረዋል እንጂ በጥፊ?» ብለው ባናቸውን ደርበው ተነሡ። ሄድን፣ ታዩ፤ ለካ የሳንባ ምች ጀምሯቸው ኖሯል! የሚገባው መድኃኒት ተሰጣቸውና ዳኑ።

እና ዛሬም ለቀላል ሕመም ኪኒን የምሰጠው እኔው ነኝ፤ ግን ቆጥሮ በእጅ መስጠት ቀረ። አንዷን ዓይኔ እያየ አስውጣለሁ፣ ቀሪዋን በሰዓቷ ራሴ ይዤ እመጣለሁ። ጋሼማ ገና ከበር ሲያዩኝ «መጣች ደግሞ ደብዳቢዋ!» ይላሉ። አፋቸውን ግን ይከፍታሉ! ቂ ቂ ቂ!