ወንዝ የወሰደው ጨው

የወንዝ ውሃ ጨው የለውም ይባላል፤ ሐሰት ነው። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በደርግ ጊዜ ከዲላ ወደ ገደብ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ አንድ አዛውንት ገበሬ አጠገባቸው ለተቀመጠች የጨው ነጋዴ ሲያማርሩ ሰምቼ ነው።

«ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አሰብ ነው ያለው። ባሕሩ ጨው ነው ብሎ ጻፈልኝ። መሠረተ ትምህርት የተማርኩት ውሸት ላነብበት ነው? መልስ ነፈግሁት።»

«እውነቱን እኮ ነው፣ አባባ።»

«ወንዝ የሚገባው እዚያ አይደል? የሚጠጣ ውሃ ገብቶ እንዴት ጨው ይሆናል?»

«ወንዝም ከድንጋይ ከአፈሩ ጨው አጥቦ ይወስዳል፤ ትንሽ ስለሆነ ምላስ አይለየውም። ወጥ እሳት ላይ ሲረሳስ?»

«ውሃው ይመጥጥና ጨው ጨው ይላል። ሚስቴን ጠይቂ!»

«ፀሐይም ከባሕር የምታነሣው ውሃውን ብቻ ነው። እሱ ለእኛ ይዘንባል፤ ጨው እዚያው ይጠራቀማል።»

«ታዲያ ወንዝ በነጻ የወሰደብንን ነው አንቺ መልሰሽ የምትሸጪልን?»

«የመኪናውስ ኪራይ፣ አባባ?»

አዛውንቱ ሳቁ። «ልጄን በከንቱ ውሸታም አልኩት። ወረቀት የያዘ አለ?»

እኔ ከደብተሬ አንድ ገጽ ገንጥዬ አቀበልኳቸው። አንተም ያልመለስከው ደብዳቤ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጥና ጻፍ።