አማት ሳይወርዱ ጎማ አይፈታም

ልብስ ሰፊው ግማሽ አካሉን ከመኪናው ሥር ከትቶ የወደቀችበትን አንዲት ብሎን ሲዳብስ፣ «ኧረ በፈጠረዎ ይውጡ!» የሚል የሴት ጩኸት ሰማ። ደንግጦ ሲወጣ ግንባሩን ከበሩ ጠርዝ አጋጨ። ቢያይ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ናት፤ የልጆቹ መምህርት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ሰው እንዲህ ታስደነግጫለሽ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ይህን የሚያህል ብረት በአንዲት ክሪክ ተንጠልጥሎ ከሥሩ ሲገቡ ባይ ነው። ደግሞ ውስጥ ሰው አለ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቱን ከሐኪም ቤት ሲመልስ ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ክሪኩ ቢያጥርበት ድንጋይ ደርቦ መኪናዋን አነሳት። አማቱ ግን ከኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ልጃቸውን የሰጡት በስንት ልመና ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንኳን ከመኪና፣ ከበርጩማም አስነስቷቸው አያውቅ!

«እማማን አውርጄ መንገድ ላይ ላቁማቸው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጉልበታቸውን እያመማቸው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚለውን ልንገርዎ? ‹ደግ አማች ነበር› ይላል። ‹ነበር› ይላል፣ ጋሼ።»

«ምን አይነቷ ሟርተኛ ናት! ዕድሜ ልኬን እንዲህ ስቀይር ምን ሆንኩ?»

«አባቴም እንዲሁ ይል ነበር።»

ልብስ ሰፊው ግንባሩን እያሻሸ ወደ እሷ ዞረ።

«አያቴ ውስጥ ነበረች፤ ለእሱ አማቱ ናት» አለች መምህርቷ። «‹ልውረድልህ?› ብትለው ‹አይነሱ እማማ፣ አሁን እጨርሳለሁ› አላት። ነጠላዋን ልታስተካክል ዘወር ስትል መኪናው ተወዛወዘ፤ ክሪኩ አመለጠ። አባቴ ከሥሩ ነበር። አያቴ እስክትሞት ድረስ እናቴን ቀና ብላ አላየቻትም። ‹ባልሽን የገደልኩብሽ እኔ ነኝ› ትላታለች። አይደለሽም ብንላት መች ትሰማናለች!»

«መቼም... ቀኑ ደርሶ ይሆናላ» አለ ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ።

«ቀኑ አልነበረም ጋሼ፤ ክሪኩ ነው። ቀኑ ነው ብንል እኛም ባረፍን።»

በዚህ ጊዜ የመኪናው መስኮት ተንኳኳ።

«በሩን ክፈትልኝ» አሉ አማቲቱ።

«እማማ፣ አይነሱ እንጂ...»

«ዝም በል! ልጄን ጥቁር ልታለብስብኝ ነው? ማክበር ካማረህ በቁምህ አክብረኝ!»

ምስኪን ልብስ ሰፊ! ክንዳቸውን ደግፎ አወረዳቸው፤ ከመንገዱ ርቀው ጥላቸውን ዘርግተው ቆሙ። መምህርቷ አባቷ ከሞተ ወዲህ ጋራዥ ድረስ ሄዳ የተማረችውን እያብራራች አሠራችው። መጀመሪያ ክሪኩን አውርደው መኪናዋን ቀስ አድርገው ወደ ደልዳላው ወሰዷት፤ ያቺ የጠፋችው ብሎንም መኪናዋ ቆማ ከነበረችበት ተገኘች። የእጅ ፍሬን ተያዘ፣ ማርሽ ገባ፣ መሬት የያዙት ጎማዎች በድንጋይ ታገዱ።

«ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ያላሏቸው፤ ከተነሳ በኋላ ከታገሉ ይወዛወዛል። ለክሪኩም ድንጋይ አይደርቡለት፤ ያጠረዎ ከቦታው ስላላስገቡት ነው። ይኸው፣ ጠንካራው ብረት እዚህ ጋ ነው።»

«መጠባበቂያውን ጎማ፣ ስኮርታውንስ ምን ልታደርጊው ነው?»

«እስክንገጥመው ድረስ ከመኪናዋ ሥር ይጋደም። ክሪኩ ቢከዳ ብረቱ እሱ ላይ ያርፋል፤ የሰው ደረት ላይ ከሚያርፍ ይሻላል። እርስዎ ግን እጅዎንም ቢሆን ከሥር አያስገቡ።»

ልብስ ሰፊው እንዳለችው አደረገ። እነሆ፣ መኪናዋ አልተነቃነቀችም፤ ልብስ የሚሰፋባቸው ጣቶቹም ሙሉ ናቸው፤ ሚስቱም ዛሬ በራፍ ላይ ወጥታ የምትቀበለው ባሏን ነው። ሰውን ማክበር ማለት ከአደጋ ማውጣት መሆኑን ከዚያ ቀን ወዲህ ለጎረቤቱ ሁሉ ይሰብካል፤ ጎማ ሲተነፍስ መጀመሪያ «ውረዱልኝ» የሚለው እሱ ነው።

ያን ዕለት ግን የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቆ እጁን እየጠረገ፣ «አለቀ እኮ! ይኸው ነው እንዴ?» አለ በደስታ።

«ይኸው ነው» አለች መምህርቷ። መንገዱ ዳር ቁጭ ብላ ፊቷን ሸፈነችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አማቲቱ ደንግጠው መጡ።

«ምነው ልጄ? ሁሉም በደህና አለቀ አይደል?»

«አለቀ እማማ። እርስዎ እንኳ ቆመው ደከመኝ ሳይሉ አለቀ። አያቴም ይህን ያህል መቆም አያቅታትም ነበር።»