ዝቅ ማድረግና መዝጋት

ጧ!... ጧ!

ድምፁ በቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ በላይ ተሰማ።

«ማነው ቤት ውስጥ ጅራፍ የሚያጮኸው? ለቡሄ እኮ ገና ነው!» አለ ከደጅ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

ምስክር ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። ዘመኑ የሁለት ሺህ ስድስት ክረምት ነው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው ወደዚህች ጠባብ ክፍል ሰው የሚመጣው ስልኩ ላይ ዘፈን ለማስጫን ብቻ ነበር፤ ካስጫነ በኋላም ይሄዳል። በሩን ሲከፍት በደርግ ጊዜ በአውራጃው የኪነት ቡድን ማሲንቆ ይጫወቱ የነበሩትን አያ እንዳለውን አገኛቸው። ማሲንቋቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ጣሪያው ሥር ተጠልለዋል።

«ይግቡ እንጂ አያ፤ ማሲንቆው ይረጥብብዎታል።»

«እስኪያባራ ብቻ ነው። የቡሬ መኪና እንዳያመልጠኝ።»

ምስክር አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጓደኞቹ በየዩኒቨርሲቲው ሲበተኑ እሱ ከአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ጋር ቀረ። አብሮት የሚጫወት ሰው ቢያጣ ጊዜ ሙዚቃን በሳጥንና በመስመር እየሳሉ በሚያዘጋጁበት ፕሮግራም የራሱን ቡድን አቋቋመ። አንዱ ሳጥን ክራር ነው፤ አንዱ ዋሽንት፤ አንዱ ከበሮ። መስመሮቹ የየሳጥኑን ድምፅ ወደ ስፒከሩ ያደርሳሉ። የጎደለው ማሲንቆ ነበር፤ እሱም ዛሬ በእግሩ መጣ።

አያ እንዳለው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «ይህን ሁሉ ገመድ የዘረጋኸው ልብስ ልታሰጣ ነው?»

«ሙዚቀኞቼ ናቸው አያ። ማሲንቆዎን ቢያስቀዱኝ አራት እንሆናለን።»

«አሰማኛ መጀመሪያ።»

ሦስቱ ሳጥኖች አብረው እንደጀመሩ ላፕቶፑ ተንተባተበ፤ ዋሽንቱም እየተቆራረጠ ወጣ።

«እኔንም እንዲህ ልትከትፈኝ ነው? አይ የኔ ልጅ፣ ይቅርብኝ!»

ምስክር ደነገጠ። እሳቸው ሳያስቀዱ ከሄዱ ሌላ ማሲንቆ ተጫዋች ከየት ያመጣል?

«ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲሠሩ ማሽኑ ጉልበት ያንሰዋል አያ። ተራው ያልደረሰውን የምዘጋው ለዚሁ ነው።»

«ለምን ትዘጋዋለህ? ዝቅ አታደርገውም? በእኛ ጊዜ አንዱ ሲያዜም ሌላው በለሆሳስ ይከተለዋል። ተጫዋችን ዝም በል ማለት ነውር ነበር!»

«ለሰው ልክ ነዎት። ማሽን ግን ዝቅ ስላለ አያርፍም። ይመልከቱልኝ።» የሦስቱንም ድምፅ ዜሮ አደረሰው። ክፍሉ ጭጭ አለ። «የሚሰማዎት ነገር አለ?»

«ዝናቡ።»

«በስክሪኑ ጥግ ያለው ይህ ቁጥር የማሽኑ ድካም ነው። ዘጠና ሁለት ከመቶ ይላል። ሦስቱም አሁንም እየተጫወቱ ነው፤ የሚሰማቸው የለም እንጂ።»

ሽማግሌው ቁጥሩን ትክ ብለው አዩት። «የሚሰማቸው ሳይኖር?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ። አሁን ድምፃቸውን መልሼ ሁለቱን ልዝጋ፤ ሥራቸውን ጨርሰው ያቁሙ።» ዘጋቸው። ቁጥሩ ወደ ሠላሳ ወረደ፤ ግን ስፒከሩ ጧ! አለ።

«ይኸውልህ! አፉን በጡጫ ብትለው ይጮሃል! ይህን ጅራፍ ነው ከማሲንቆዬ ጋር የምታሰማው?»

ምስክርን ወር ሙሉ ያቃተው ይኸው ነበር። አያ እንዳለው አዘኑለት መሰል፣ ላስቲኩን ፈትተው ደጋኑን አነሡ።

«ስማ። እኔ ደጋኑን ከጭራው ላይ ነጥቄ አላነሣም። እጄን ላላ፣ ላላ አደርግና ከዚያ አነሣለሁ። ስመለስም አስቀድሜ አስነካለሁ፤ ኋላ ነው የምጫነው።»

ምስክር ይህን ሲሰማ ወደ ስክሪኑ ዞረና ድምፅን የሚያላላ አንድ ሳጥን ጨመረ። ሲዘጋ ድምፁ በዓይን ቅጽበት ውስጥ ላላ እያለ ወደ ዜሮ ይወርድና ከዚያ መሣሪያው ይዘጋል፤ ሲከፍት መሣሪያው ቀድሞ ይከፈትና ድምፁ ቀስ ብሎ ይከተላል። ሞከረው። ጅራፉ የለም።

«ተረታሁ፤ መዝጋቱስ ነውር የለውም፤ ነውሩ መንጠቁ ኖሯል» አሉ አያ እንዳለው።

እውነትም ዝቅ ማድረግና መዝጋት አንድ አለመሆናቸውን የተረዳ ሰው አዲስ ማሽን ሳይመኝ በአሮጌው ብዙ መሣሪያ ያጫውታል፤ ስፒከሩም በድንገተኛ ምት አይጎዳበትም። ወጣቱ ቁጥሩን ባያሳይ ሽማግሌው በልማዳቸው ይጸኑ ነበር፤ ሽማግሌው እጃቸውን ባያሳዩት ደግሞ የወጣቱ ትምህርት ጎደሎ ይሆን ነበር። ተከባብሮ መከራከር ለሁለቱም በጀ።

አያ እንዳለው ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ረጅም ዜማ ተጫወቱ፤ ምስክርም ቀዳው። ከዚያ ማሲንቆውን ለብቻው ከፈተላቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የገዛ ማሲንቋቸውን እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«አሁን ዘጋኸው?»

«ዘጋሁት አያ። በፈለግሁ ጊዜ እከፍተዋለሁ።»

«እኔ ሳልኖርም?» አሉ ለራሳቸው ያህል፤ ላስቲኩንም አነሡ። ምስክር ሌሎቹንም በየተራ ጨመረ። አንዱም አልተቆራረጠም። «አራት ሆንን አያ!» ብሎ በደስታ ዘወር ሲል ሽማግሌው ማሲንቋቸውን ጠቅልለው ቆመዋል።

«ምነው አያ? እስኪያባራ ብለውኝ አልነበር?»

አያ እንዳለው ቀና ብለው ሳያዩት በሩን ከፍተው ወደ ዝናቡ ወጡ።