በአፍንጫ የተጋገረ የፖም ቶርታ

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን የእርሻ ጣቢያችን ባልደረቦች፤

ከወጥ ቤት ለምትሰናበት አንዲት ሴት አዳራሹን አስጠርጋችሁ፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የሰጣችሁኝ ጋቢም ሸጋ ነው፤ ይሞቀኛል።

ምስጋናዬን በዚህ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ከፊቴ የተቀመጠው ነገር አላስችል አለኝ።

ይህ የፖም ቶርታ ነው። የጋገረችው አበቡ ናት፤ ከሰኞ ጀምሮ ወጥ ቤቱ የእርሷ ነው። ጠርዙን በጣቷ እየቆነጠጠች የዘጋችው እኔ እንዳስተማርኋት ነው። ፖሙ ድብ ባሕር ካለው ተክላችን መጥቶ ጭድ ውስጥ የቆየ፣ የዘንድሮው የመጨረሻ ነው። ለእኔ ተብሎ ተጋገረ። ዛሬ ግን ዕለቱ ምንድን ነው? ዓርብ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ እርስዎ የቄስ ልጅ ነዎት። ሳህንዎን ወደ ጎን ገፋ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ይህን ቀን ማን መረጠው? ጸሐፊዎን ብጠይቀው፣ “ሰው የሚያመላልሰው ማኪና የሚመቸው ዓርብ ነው” አለኝ። እውነቱን ነው። ማኪና ጾም የለበትም።

አዲስ ለመጣችሁት ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ይህን ቶርታ ያስተማረችኝ የመጀመሪያው የውጭ አገር ባለሙያ ባለቤት ናት። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ቅቤ ማሸት፣ ፖሙን ልጦ በቅቤና በስኳር ማለብለብ፣ ቀረፋ ነስንሶ በሊጥ መክደን፣ ከዚያ ፎርኖ ውስጥ ማስገባት። ታጋሽ ሴት ነበረች። የምትጋግረው ለእነርሱ ገና ነበር። ወደ አገሯ ስትመለስ ግብዣው ቀረ? አልቀረም። የጣቢያው የዓመት ድግስ ሆነ፤ ታኅሣሥ ዐሥራ ስድስት፣ ምሳ፣ የፖም ቶርታ ከእኔ ከሐረገወይን እጅ።

ያ ቀን ለእኛ ምንድን ነው? የነቢያት ጾም። ቅቤ አይነካም። “ፖሙን ብቻውን ቅመሺው” እንዳትሉኝ፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ፣ ግብዣው ደግሞ ምሳ። ስለዚህ ዓመት በመጣ ቁጥር በአፍንጫዬ ጋገርሁ።

ወጥ በአፍንጫ ይሠራል፤ ከልጅነቴ የለመድሁት ነው። የድብ ባሕር ፖም ግን አንድ ዓመት ማር፣ አንድ ዓመት ሎሚ ነው። ብርዱ ሲጠና ጠባዩ ይለወጣል። ስኳሩን ምን ያህል ላድርገው? ሽታው ይህን አይናገርም።

ቀማሽ ፈለግሁ። ሹፌራችን አያ ኑሩ እስላም ነው፤ የእኛ ጾም አይመለከተውም። በማንኪያ አቀርብለት ነበር።

“ምን ጎደለው አያ ኑሩ?”

“ሸጋ ነው።”

“ስኳር ልጨምር?”

“ብትጨምሪም ሸጋ ነው፤ ባትጨምሪም ሸጋ ነው።”

ይህን ይዤ ምን ላድርግ?

የባሰው ባለፈው ወር መጣ። ረመዳን ከጾማችን ጋር ገጠመና አያ ኑሩም አፉን ዘጋ። በወጥ ቤቱ የሚቀምስ ሰው ጠፋ። ከአዲስ አበባ የመጡት የውጭ አገር እንግዶች አንድ ጊዜ ጎርሰው ሹካቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ በየቢሮው “የሐረገወይን ቶርታ ጥርስ ያጠርሳል” ሲባል ሰማሁ። ከተናገራችሁት መካከል የቀመሰው ማነው? ሁላችሁም ጾመኞች ነበራችሁ።

አንድ ዓመት ቁራሽ ደብቄ ለገና ላቆይ ሞክሬ ነበር። አይጥ ቀደመችኝ። እሷም እንደ ማኪናው ጾም የለባትም።

ስንት ጊዜ ለመንሁ? ግብዣውን ለእኛ ገና አድርጉት፤ ካልሆነም ከጥምቀት በኋላ፣ ታቦቱ ከቀሐ ወንዝ ተመልሶ ከገባ ወዲያ ይሁን፤ ሁሉም ይቅመስ፣ እኔም ልቅመስ አልሁ። ዳይሬክተሩ ተለወጠ፤ መልሱ ግን ያው ነው፤ “ለከርሞ እናስብበታለን።” ከርሞ መጥቶ ሄደ። እኔም ይኸው ልሄድ ነው። ስንብቴ ከጥምቀት በኋላ እንደሆነ ሲነገረኝ፣ አሁንስ ቀመስሁት ብዬ ነበር። ምነው ዓርብ አደረጋችሁት?

አያ ኑሩ ዒዱን አክብሮ አፉን ከፍቷል። በዚህ አዳራሽ የሚበላው እሱ ብቻ ነው። እንዴት ነው አያ ኑሩ?

ሰማችሁት። ሸጋ ነው አለ።

አበቡ፣ ልጄ፣ የቀረውን ሸፍኝው። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ይዘሽው ቤቴ ነይ። ሁላችሁም ኑ፤ ቤቴ ቀሐ ዳር ነው፣ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያውን ቁራሽ እኔ እጎርሳለሁ። ጎምዝዞ እንደሆነም የምነግርሽ እኔ ነኝ፤ በየቢሮው አትሰሚውም። ክቡር ዳይሬክተር፣ እርስዎም ሲመጡ የከርሞውን ግብዣ ቀን ቆርጠው ይምጡ። ለእኔ አይደለም፤ እኔ ሄጃለሁ። ይህችን ልጅ በአፍንጫዋ አታስጋግሯት።

ተክሉ ያፍራላችሁ፤ ብርዱም ይራራለት። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ በሽታ ደጃችሁን ይሳተው። ለከርሞው ገናና ጥምቀት በጤና ያድርሳችሁ፤ አያ ኑሩንም ለዒዱ። የጋገራችሁትን ለመቅመስ ያብቃችሁ።