የ«ቤተ ሙከራ» መጠጥ ቤት ቁልፍ በማን ኪስ እንደነበረ

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ለአካለ መጠን ያልደረሰ በመሆኑ በዚህ ግልባጭ ላይ አልሰፈረም
ዕድሜ፦ 16 ዓመት
ሥራ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ
አድራሻ፦ ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ከሟች ጋር ያለው ዝምድና፦ ታናሽ ወንድም
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ሰኔ 23 ቀን፣ ከጠዋቱ 2፡40
የተገኙ አዋቂ፦ የክፍል ኃላፊ መምህሩ (ምስክሩ ያለ ወላጅ በራሱ ፈቃድ ስለመጣ በስልክ ተጠርተው)

ምስክሩ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ለሟች ወንድሙ ጥቂት መናገር እንደሚፈልግ ስለጠየቀ ተፈቅዶለታል። የተናገረው እንዳለ ተመዝግቧል።

ወንድምዬ፣ ጣቢያ መጥቻለሁ። አጎታችን እንዳልመጣ ነግሮኝ ነበር። ሳጥኑ ላይ ቆመህ የተናገርከው እዚያው ቤት እንዲቀር ነበር ደንቡ፤ እኔ ግን ዛሬ ለፖሊስ እናገረዋለሁ፤ እንዳታኮርፈኝ። ጋሽ በርሜል ታስረዋል። በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ ብለው ፈርመዋል። እንዳልቆለፉ አንተም ታውቃለህ። ያን ቀን ወደ ጆሮዬ ተጠግተህ «ከሳጥኑ ሳልወርድ ቁልፉን ለማንም እንዳትሰጥ፣ እኔ ራሴ ብለምንህም» አልከኝ። አንተ አልለመንከኝም። የለመኑኝ እሳቸው ናቸው። ለእሳቸውም አልሰጠሁም። ይህን ለፖሊስ ልናገር ነው የመጣሁት።

ከዚህ በታች ያለው ለመርማሪው የሰጠሁት ቃል ነው።

ሟች የሃያ ሦስት ዓመት ወጣትና የዩኒቨርሲቲው የመጨረሻ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነበር። ድርጊቱ የተፈጸመው ዓርብ ሰኔ 20 ቀን ከቀኑ 9፡20 እስከ 9፡45 ባለው ጊዜ፣ ተማሪዎች «ቤተ ሙከራ» በሚሉት መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ታፔላው ላይ የተጻፈው ሌላ ስም ነው፤ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ግን የለም። ተማሪዎቹ ይህን ስም ያወጡለት ቤተሰብ ሲደውልላቸው ቤተ ሙከራ ነኝ ለማለት እንዲመቻቸው ነው። እናቴም ልጇ በሳምንት ሦስት ቀን ከቤተ ሙከራ እንደማይወጣ ለጎረቤት በኩራት ትናገር ነበር።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ዘጠኝ ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉት፤ ሁሉም ላይ የተመራቂዎች ስም በሚስማር ተጭሮበታል። በሩ አንድ ብቻ ሲሆን የብረት ነው። መስኮቱም አንድ ነው፤ በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። ባለቤቱን ሁሉም ጋሽ በርሜል ይሏቸዋል፤ ሆዳቸውን አይተው ነው፤ እሳቸውም በዚሁ ስም ሲጠሯቸው አቤት ይላሉ። በፈተና ሰሞን ለአንድ ተማሪ ከሁለት ብርጭቆ በላይ አይሸጡም። ሦስተኛ የጠየቀውን፣ አባትህ ጋ ልደውል ወይስ በራስህ እግር ትወጣለህ እያሉ ያሾፉበታል።

በዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ልማድ አለ። የመመረቂያ ጽሑፉን አቅርቦ ያለፈ ተማሪ በዚያው ቀን ባዶ የቢራ ሳጥን ገልብጦ ይቆምበትና በተማሪነቱ ዘመን የሠራውን ጥፋት ይናዘዛል። ሲናዘዝ ማንም አቋርጦ እንዳይወጣ፣ ከውጭም ሰው እንዳይገባ በሩ ከውስጥ በጓጉንቸር ይቆለፋል። ቁልፉን የሚይዙት ባለቤቱ አይደሉም። ተናዛዡ ራሱ የመረጠው የሥጋ ዘመዱ ይይዘዋል፤ ዘመድ በአካባቢው ከሌለው የክፍል ጓደኛው ይይዝለታል። ተናዛዡ ከሳጥኑ እስኪወርድ በሩ አይከፈትም። የበደለው ሰው እዚያው ካለ ብርጭቆውን ሞልቶ ይመጣና ተናዛዡ ራስ ላይ ይደፋዋል። ነገሩ በዚያ ያልቃል፤ ከበሩ ውጭ አይነሳም። ከዚህ በፊት የሰማኋቸው ኑዛዜዎች የሚያስቁ ነበሩ። አንዱ የጓደኛውን ሱሪ ለብሶ ፎቶ ተነስቶ ለጓደኛው ፍቅረኛ ልኳል። ሌላው ሦስት ወር ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር የፈለገውን የመኝታ ክፍላቸውን የማንቂያ ሰዓት በመስኮት የወረወረው ራሱ ነበር።

ተጠርጣሪው በቤቱ ድራፍት የሚቀዳው ልጅ ነው። ፕሮፍ ይሉታል። ይህ ስም የወጣለት ከክፍሉ አንደኛ ስለነበር ነው። ከወንድሜ ጋር ለሦስት ዓመት በአንድ የመኝታ ክፍል ኖረዋል። ባለፈው ዓመት በፈተና ላይ እጅጌው ውስጥ ወረቀት ተገኝቶበት ከዩኒቨርሲቲው ተባረረ። ወደ ቤተሰቡ መመለስ አፍሮ እዚሁ ከተማ ሲቀር ጋሽ በርሜል ሥራ ሰጡት። ተማሪዎቹ፣ ፕሮፍ አንድ ድራፍት፣ አረፋውን ለራስህ አስቀረው እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ይስቅ ነበር። ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ወንድሜ እሱ በተባረረ በሳምንቱ ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ እኛ ቤት ገባና ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መተኛት ጀመረ። ምክንያቱን ስጠይቀው ማንኮራፋትህ ናፍቆኝ ነው ብሎኛል።

ዓርብ ዕለት ወንድሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጽሑፉን አቅርቦ አለፈ። በ8 ሰዓት ተኩል ከትምህርት ቤት ስወጣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ቁልፉን እንድይዝለት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆመ። ምን ልትናዘዝ ነው ስለው ትሰማለህ አለኝ። 9 ሰዓት ላይ ደረስን። ቤቱ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። 9፡20 ላይ ጋሽ በርሜል ጓጉንቸሩንና ቁልፉን በእጄ ሰጡኝ። በሩን ቆለፍኩት፤ ቁልፉንም የዩኒፎርም ሱሪዬ ቀኝ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ይህን ያደረግኩት እኔ እንጂ እሳቸው አይደሉም። ወንድሜ ከላይ የጠቀስኩትን በጆሮዬ የነገረኝ በዚህ ጊዜ ነው። እንዲያ ያለኝ መሀል ላይ ፈርቶ እንዳይሮጥ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

ሳጥኑ ላይ ወጥቶ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ተናገረ፤ ተሳቀ። ቀጥሎ ወደ ባንኮኒው ዞሮ ፕሮፍን አየው። «ወረቀቱን የጠቆምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ማታ ስትጽፈው አይቼ ነበር፤ ጠዋት ለመምህሩ ነገርኩት። ለረዳት መምህርነት የሚወስዱት አንድ ሰው ነው። አንተ እያለህ እኔን አይወስዱኝም።»  ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተኝቼ ይህን አላውቅም ነበር።

ፕሮፍ አንድ ጃምቦ ብርጭቆ ድራፍት ሞልቶ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ። ተማሪዎቹ እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መደብደብ ጀመሩ። ብርጭቆውን ወንድሜ ራስ ላይ ቀስ እያለ እስከ መጨረሻው ጠብታ ደፋው። ወንድሜ ዓይኑን እየጠረገ ፈገግ አለ። «ይቅር አልከኝ?» አለው። ፕሮፍ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወደ ባንኮኒው ተመለሰ። እኔም ሌሎቹም ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ሲመለስ የድራፍት በርሜሉን ራስ የሚፈቱበትን አንድ ክንድ የሚያህል ብረት ይዞ ነበር። ወንድሜ ከሳጥኑ ገና አልወረደም። መጀመሪያ የመታው ጉልበቱን ነው። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ተሰማኝ። ከኋላ የተቀመጡት ጨዋታ ስለመሰላቸው ጠረጴዛ መደብደቡን አላቆሙም፤ የሳቁም ነበሩ። ወንድሜ ወደቀ። ሁለተኛውን ጆሮው ላይ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ራሱ ላይ መታው። በአራተኛው ደሙ ፊት ለፊት የተቀመጡት ተማሪዎች ደረት ላይ ተረጨ። ተጠርጣሪው ሲመታው «ዓመት ሙሉ ስቀዳልህ ጠጣህ» ይል ነበር። አምስተኛ ሊደግም ሲል የዩኒቨርሲቲው እግር ኳስ ቡድን ግብ ጠባቂ ከኋላ አንቆ ጣለው። ብረቱም ከእጁ ወደቀ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም ለፖሊስ አልተናገረም።

ግብ ጠባቂው ተጠርጣሪውን መሬት ላይ አንጋሎ ሁለት እጁን ያዘው። ተጠርጣሪው አልታገለም። እኔ ከጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ አንስቼ ፊቱን መታሁት። ብርጭቆው ተሰብሮ እጀታው ብቻ በእጄ ሲቀር በዚያው በተሰበረው መታሁት። ግንባሩና ከንፈሩ ተቀደደ፤ የቀኝ ዓይኑ ተደፈነ። ግብ ጠባቂው ተው ይበቃል ሲለኝ እሱንም ክንዱ ላይ ወጋሁት። ተጠርጣሪው ሆስፒታል የተኛው ተማሪዎች ተረባርበውበት ነው መባሉን ሰምቻለሁ። ትክክል አይደለም። የመታሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በዚህ ጊዜ ጋሽ በርሜል ወንድሜ አጠገብ ተንበርክከው፣ ሸሚዛቸውን አውልቀው ራሱን አስረውለት ነበር። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ሦስተኛውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ቁልፉን ስጠኝ ልጄ፣ ወንድምህ ይተነፍሳል» አሉኝ። ሰምቻቸዋለሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እንዳለም አውቅ ነበር። ቁልፉን ሳልሰጥ መምታቴን ቀጠልኩ። ተማሪዎች በአግዳሚ ወንበር በሩን ሊሰብሩ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ሌሎች በመስኮቱ ፍርግርግ ወደ ውጭ ይጮኹ ነበር። በመጨረሻ ጋሽ በርሜል ከኋላዬ መጥተው እጃቸውን ኪሴ ውስጥ ሲከቱ ነከስኳቸው። እሳቸው ግን አልለቀቁም፤ ቁልፉን አውጥተው በሩን ከፈቱ። በግራ እጃቸው አውራ ጣት ሥር ያለው፣ በድብደባው ተሳትፈዋል ተብሎ ማስረጃ የሆነባቸው ቁስል የእኔ ጥርስ ነው። ከፈለጋችሁ ጥርሴን ለኩት።

(ምስክሩ እዚህ ላይ ውሃ ጠይቆ ተሰጥቶታል።)

በሩ ሲከፈት ጩኸቱን ሰምቶ የቆመ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ነበር። ሰዓቱ 9፡45 እንደነበር የተናገረው ሾፌሩ ነው። ወንድሜን በዳቦ ሳጥኖቹ መካከል አስተኛነው፤ ራሱን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ጋሽ በርሜል እግሩን ይዘው ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ መተንፈስ አቆመ። ሐኪሙ ለአጎቴ፣ ደሙ ፈሶ ነው፣ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢደርስ ተስፋ ነበረው ሲለው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ያ ሩብ ሰዓት ወንድሜ ወድቆ ሳለ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ የነበረበት ጊዜ ነው።

ፖሊስ እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ መጥቶ በሩን ማን እንደቆለፈ ሲጠይቅ ጋሽ በርሜል አዩኝ። ከዚያ «ቤቱም በሩም የእኔ ነው፤ የቆለፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። እኔ ዝም አልኩ። ተማሪዎቹም ወንድሙ የሞተበትን ልጅ አንነካም ተባብለው ዝም ብለዋል።

ቅዳሜ ቀበርነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ከእናቴ ጋር አስቀምጦኝ ስለ በሩም፣ ወንድሜ ስለ ተናዘዘውም አንዲት ቃል እንዳይወጣኝ አስጠነቀቀኝ። ሰውየው ራሱ አምኖ ፈርሟል፤ ወንድምህን ደግሞ ከሞተ በኋላ ከሃዲ አታሰኘው አለኝ። እናቴ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አንዱን ቀብሬ ሌላውን በእጄ አላስረክብም» አለች። እሺ አልኳቸው።

ለለቅሶ መጥተው ከእኔ ጋር ያደሩት የአጎቴ ልጆች እሑድ ማታ ወደ ቤታቸው ስለሄዱ ዛሬ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነቃሁ። 12 ሰዓት ተኩል ነበር። የወንድሜን አልጋ አነጠፍኩት፤ ማንም ስላልተኛበት የተነጠፈውን ነው እንደገና ያነጠፍኩት። ፊቴን ታጠብኩ። የዩኒፎርም ሱሪዬ ደሙ አልለቅ ስላለው የእሱን ሱሪ ለበስኩ፤ ስለረዘመኝ ከታች ሁለት ጊዜ አጠፍኩት። እናቴ ተኝታ ነበር። ሳልቀሰቅሳት ወጣሁና 1 ሰዓት ከሃምሳ ላይ ጣቢያው በር ደረስኩ። ወረፋ ነበር።

ከፊቴ የቆሙት የጋሽ በርሜል ሚስት ናቸው። ምሳ ዕቃ በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ሲያዩኝ አቀፉኝና እህል ከቀመስኩ ስንት ቀን እንደሆነኝ ጠየቁኝ። አላስታውስም አልኳቸው። ዕቃውን ከፍተው ለባላቸው ካመጡት ቆርሰው ሰጡኝ፤ ቆሜ በላሁ። እየበላሁ ሳለ፣ ባላቸው በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያን በር ለኑዛዜ ራሳቸው ቆልፈው እንደማያውቁ፣ አሁን ቆለፍኩ ማለታቸው እንዳልገባቸው ነገሩኝ። «አንተ እዚያ ነበርክ፤ ምን ነክቶት ነው?» አሉኝ።

«ቁልፉ እኔ ጋ ነበር» አልኳቸው።

 ምሳ ዕቃውን ከድነው በፎጣው መልሰው ጠቀለሉት። ክንዴን ይዘው ከፊታቸው አቆሙኝና ወረፋቸውን ሰጡኝ። «በል ቶሎ ግባ» አሉኝ። «ቁርሱ ይቀዘቅዝበታል።»

ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመምህሬ ፊት ተነቦልኛል። ስለ ቁልፉ በተጻፈው ቦታ መርማሪው «በድንጋጤ ቁልፉን ሳልሰጥ» ብለው ነበር። «በድንጋጤ» የሚለውን እኔ ስላላልኩት እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል። የቀረው ሁሉ የተናገርኩትና የሆነው ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የክፍል ኃላፊ መምህሩ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል (አንድ ቃል መሰረዙን አረጋግጣለሁ)