በአማች ፊት የሳትኳት ኳስ

በእኛ ጊዜማ ልጆች፣ ኳስ ሲባል በእግር የሚመታው ብቻ ነበር፤ ጎልፍ የሚባለውን እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው ያየሁት፤ እሱንም ያሳየኝ ጎረቤቴ ኮሎኔሉ ነው፣ እዚሁ ሐኪም ጋራ ኮረብታው ላይ፣ ግቢው ውስጥ መሬቱን ደልድሎ፣ የቲማቲም ጣሳ ቀብሮ። እና ያቺን ትንሽ ኳስ በዘንግ ገፋ አድርጎ ጣሳው ውስጥ መክተት ነው፣ ሌላ የለውም። ቀላል ይመስላል አይደል? አይደለም! ኮሎኔሉ «አቦ፣ እጅህን ተወውና ልብህን ያዝ! ‹ብስትስ› ካልክ ሳትክ» ይለኛል። ታዲያ ለመድኩ፤ ብቻዬን ስሆን አልስትም፣ አልስትም ስላችሁ!

ታዲያ ባለፈው ፋሲካ የልጄ እጮኛ አባት፣ አቶ ግርማ፣ ለትውውቅ ከድሬዳዋ መጡ፤ ኮሎኔሉም ሁላችንን ግቢው ጋበዘን። እኔ አላርፍ ብዬ ዘንጉን አነሳሁና እንግዳውን ማስተማር! «ይኸውልዎ ጌታዬ፣ ይሄ የእጅ ነገር አይደለም። ልብ ነው! ልብ ጸጥ ካለ ኳሷ ራሷ ትገባለች።» እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ «እንዲያ ነው?» ይላሉ።

እና ኳሷን ከጣሳው አንድ እርምጃ ላይ አስቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ያ ዝምታ! ‹ብስትስ?› መጣችብኝ። ገፋሁ፤ በጣሳው ጎን አለፈች። «ንፋሱ ነው» አሉ አቶ ግርማ። የምን ንፋስ! ደገምኩ፣ ሳትኩ። አሁንም ደገምኩ፤ ይባስ ብላ ቁልቁል ተንከባልላ ሚስቴ እግር ሥር ቆመች። ሚስቴ በሹክሹክታ «በቃህ፣ በሞቴ» አለችኝ፣ ልጄ አቀረቀረች፣ እኔማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

ታዲያ አቶ ግርማ ተነሱና «እስቲ ለእኔም ይስጡኝ» ብለው ዘንጉን ተቀበሉኝ፣ መቱ፣ ኳሷ ሄዳ አጥሩ ሥር ተወሸቀች! «ኧረ ይሄስ ከባድ ነው! እርስዎ ይሻላሉ» ብለው ከት ብለው ሳቁ፣ ሰዉም ሳቀ፣ እኔም ተነፈስኩ።

እንግዳውን ሸኝተን ስንመለስ ልጄን «ደግነቱ እሳቸውም አይችሉም» ብላት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ምነው?»

«አባዬ... እሳቸው እኮ አዲስ አበባ ሳሉ ጎልፍ ሲጫወቱ ነው የኖሩት። ሳሎናቸው ውስጥ ዋንጫ ተደርድሯል።»

ዋንጫ! ሰማችሁ? እኔ «ልብ ነው ጌታዬ» እያልኩ የማስተምረው ባለ ዋንጫውን ነው! ከመሳቴ ይልቅ ይሄ አንገበገበኝ፤ ሰርጉ ላይ እንኳ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ጫማቸውን ሳይ ዋልኩ።

«ታዲያ ጋሼ፣ እንዳወቁባቸው አልነገሯቸውም?» ነው ያልከኝ አንተ ልጅ?

ኧረ ምን ብዬ! ሰውዬው ውርደቴን በራሳቸው ሸፍነውልኝ፣ እኔው ልግለጠው? አፍሬያለሁ፣ ዛሬም አፍራለሁ፤ ልጄን የሰጠሁት ግን ለእውነተኛ ሰው ቤት ነው።